መቀስ

ሱቃችን ጠባብ ናት፣ ኢዝሚር መሃል ገበያ፣
ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ ከአዝራር ሻጩ ወዲያ።
እኔ ነኝ ሚዛኑን በሻሽ የማብስ፣
ሻይ ከጎረቤቱ የማመላልስ፣
አለቃዬ ሩክነቲን ወርቅ ሲገዛ፣ ሲሸጥ
አንገቴን ደፍቼ ነገር የማዳምጥ።

ሁለት ዋጋ አለን፤ መግዣና መሸጫ።
የመካከሉን ክፍተት «መቀስ» ነው የምንለው፤
ሲሰፋ ለኛ ነው፣ ሲጠብ ለሰው።
በር ላይ አይለጠፍም፣ ጮክ ተብሎ አይነገርም፤
ያላወቀ ሻጭ ግን ሳይቆረጥ አይወጣም።

አንድ ማክሰኞ ዕለት፣ ዶፍ ሲወርድ ውሎ፣
ሰኒሃ ገባች፣ ጫማዋ ውሃ አዝሎ።
ሠላሳ አንድ ዓመት መድኃኒት ቤት ውስጥ
ዱቄት ስትመዝን፣ ክኒን ስትቆርጥ
የኖረች ሴት ናት፤ (ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው።)
ከቦርሳዋ አወጣች የሳል ከረሜላ ቆርቆሮ፣
ከፈተችው፤ ሰባት ሩብ ወርቅ ተደርድሮ፣
ሠርግ ላይ ለሙሽራ የሚሰጠው ዓይነት፣
በየራሱ ላይ ቀይ ሪባን የታሰረ፣
እስከዚያ ማክሰኞ ያልተመነዘረ።

«ምነው በዚህ ዝናብ? አስቸኳይ ነገር ነው?»
አለ ሩክነቲን። ጥያቄው መረብ ነው፤
የቸኮለ ሻጭ ግማሹን በነፃ ሰጥቷል።
«ለጉዳዬ» ብላ ሻይዋን አማሰለች።
ስኳሩን ግን ገና አልጨመረችም ነበር፤
እሷም ፈርታለች፣ አልኩኝ በልቤ።

አለቃዬ ሰባቱን ባንድ ላይ ዘረገፈ፣
«በግራም ልያዘው» አለና ቁጥር ጻፈ፤
የጥርስ ወርቅ፣ የተሰበረ ጉትቻ
የሚገዛበትን፣ የማቅለጫ ብቻ።

እሷም ከቦርሳዋ ሌላ ነገር አወጣች፤
የመዳፍ ሚዛን ናት፣ በጨርቅ የተጠቀለለች።
«አንድ በአንድ እንያቸው።»
አንድ ከሰባ አምስት።
አንድ ከሰባ አምስት።
ድምጿ አይወጣም፣ አይወርድም፤ ለበሽተኛ ፍሬ እንደምትቆጥር።
አንድ ከሰባ አምስት።

ቀጥሎ ወረቀት፣ የሐኪም ማዘዣ፤
በጀርባው አምስት ሱቅ፣ የያንዳንዱ መግዣ፣
ከጎኑም ሰዓቱ፤ ወርቅ እኮ ከጧት እስከ ቀትር
ስንቴ ይወጣል፣ ስንቴ ይወርዳል።
«መቀስህ ሰፍቷል» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
ያችን ቃል ማወቋ! አፉን ከፍቶ ዘጋ።
«ይህ ማኅተም ያለው ነው። ነገ መስኮትህ ላይ
አዲስ ሪባን አስረህ ልትሸጠው አይደል ወይ?
ስታቀልጠው ካየሁ በማቅለጫ ውሰደው።»

ወደ ስድስተኛው እጁ ሲዘረጋ፣ ቀደመችው፤
«አንድ ከስልሳ ስምንት። አንገቴ ላይ ላደርገው
አስበስቼው ነበር፤ ጎድሏል፣ ቀንስልኝ፤
ስድስቱን በቁጥር፣ ይሄን በግራም ግዛኝ።»

አለቃዬ አጉሊ መነጽሩን አወለቀ።
ሻጭ ጉድለቱን ሲናገር
እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ እሱም አላወቀ።
የጻፈውን ሰረዘ። ሌላ ጽፎ አዞረላት።
«ሃምሳ ሊራ ጨምር» ስትል፣ «ሃያ» አላት።
ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ፤ በያንዳንዱ ላይ።
መስኮቱ ላይ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ሊራውን ሁለቴ ቆጠረች፤ ከዚያም ጠቅልላ
ያችው ሚዛን ላይ ጫነችው፣ አንገቷን ዘንበል ብላ።
«ከወርቁ ይከብዳል» አለችና ሳቀች፤
ለመጀመሪያ ጊዜ። ሻይዋን ሳትጠጣ ወጣች።

በማግስቱ ጧት ስድስቱን አሰለፍን፣
የተበሳውን ከማቅለጫው መሳቢያ ጣልን።
«ስንት ልጻፍበት?» አልኩት፣ ዋጋ መለጠፊያውን ይዤ።
ዝም አለ። ቀይ ሪባን ከጥቅሉ እየሳበ
ጥቂት አሰበ፣ ጥቂት ደግሞ አሰበ።
«መቀሱን አምጣ» አለኝ።
ሪባኑን ሊቆርጥበት ነው።
ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፤
እስከ ምሳ ሰዓት ሲቆጣኝ ዋለ።