አንድ ማንኪያ፣ አንድ እርምጃ

ኅዳር ነው፤ ቅዳሜ። ቢሮውን ዘግተናል፤
የውሃ ቆጣሪን፣ የውዝፍ ደብዳቤን ከከተማ ጥለናል።
ከባሉጥ ዛፍ በታች፣ ኤስትሬማዱራ ላይ፣
ስምንት ሰዎች ቆምን አንድ መጥበሻ ልናይ።

አብሳዩ ኤውቲሚዮ ነው፣ የመጋዘን ጠባቂ፤
ዓመቱን ሙሉ ዝም ባይ፣ ዛሬ ግን ተረብ አዋቂ።
የሦስት ቀን ዳቦ ነው፣ እንደ ድንጋይ የከረረ፣
ማታ ተቆራርሶ፣ በጨው ውሃ ርሶ፣ በፎጣ ሥር ያደረ።
«ደረቅ ነገር» ይላል፣ «በጉልበት አይላላም፤
ሌሊት ይስጡት እንጂ፣ ጠዋት አይጣላም።»

ዘይቱ ተንጫጫ። ነጭ ሽንኩርት ገባ፣ ልጣጩን እንደለበሰ፤
የአሳማ ጮማ ተከተለ፤ ጢስ የጠጣ ቀይ በርበሬ ተነሰነሰ።
ከዚያ ዳቦው። ከዚያ ማማሰል፣ ማማሰል፣ ማማሰል፣
ክንድ እስኪዝል፣ ፍርፋሪው ወርቅ እስኪመስል።

ሳህን የለም። ወንበር የለም። መጥበሻው ለሁሉ።
«አንድ ማንኪያ ዝገኑ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፤
እዚያው የሚያኝክ ሰው የሌላውን መንገድ ዘጋ፤
ቀረብ፣ ዘገን፣ ራቅ፤ ይኸው ነው የዚህ ድግስ ዋጋ።»

ሥራ አስኪያጁ ኤቫሪስቶ ግን ከመጥበሻው ተጣበቀ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ከንፈሩ በዘይት ደመቀ።
«አለቃ!» አለ ኤውቲሚዮ፣ ጭልፋውን አንስቶ፤
«ወደ ኋላ!»
ሰባት ሰው ሳቀ። እሱም፣ ጆሮው ቀልቶ፣
ወደ ኋላ ተራመደ።
አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ ሲታዘዝ አላየሁም።

ፊት ለፊቴ ካሲልዳ ነበረች። ሁለት ዓመት ሆነን
በመስኮት ዳር ጠረጴዛ ተኳርፈን፣ ሰላምታ ተነፋፍገን።
እኔ ስቀርብ እሷ ትርቃለች፣ እሷ ስትቀርብ እኔ፤
ይመላለሳል ማንኪያችን፣ መወርወሪያ እንደያዘ ሸማኔ።
ከሩቅ ለሚያይ ጭፈራ ነው፣ የታረቀ ጥንድ ጭፈራ፤
ለእኛ ግን ረሃብ ነበር፣ ዘይትና የማንኪያ ተራ።

አንዲት ማንኪያ ቀረች መጨረሻ፣ መሐል ላይ ብቻዋን፤
«የይሉኝታ ናት» ተባለ፤ ማን ይድፈር ማንሳቷን?
አቁማዳው ዞረ፤ የወይን ዘለላ ተቀነጠሰ፤
ወሬው ስለ ቆጣሪ አልነበረም፤ ጢሱ ወደ ኮረብታው ፈሰሰ።

ካሲልዳ ቀረበች። ፍርፋሪዋን ለሁለት ከፈለች በማንኪያዋ ጫፍ፤
ግማሹን ወደ እኔ ገፋች፣ አንድም ቃል ሳይወጣት ከአፍ።
በላሁ። ትንሽ አሯል፤ ጨውም በዝቷል።
«እንዴት ነው?» አለች።
«ይጣፍጣል» አልኳት።

ኤውቲሚዮ መጥበሻውን በሣር እየፈተገ
ለዶሮዎቹ የሚተርፍ ቁርስራሽ ፈለገ።
«ቁርሾ የለም?» አለ፣ አፉን አዳልጦት ይሁን አውቆት።
«የለም» አለች እሷ።
«የለም» አልኩ እኔም፣ ቀና ብዬ ሳላየው።

ሰኞ መስኮቱ ያው የእሷ ነው። ፋይሉ ያው። ውዝፉ ያው።
ስገባ ግን ወንበሯን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሳበች፤
ብርሃኑ ጠረጴዛዬ ጫፍ ደረሰ።