በሩን ያስመዘነች ሴት

ሥራዬ ሚዛን ነው፤ በሜሄባ ሰፈር፣
ወደ አንጎላ ተመላሽ ጓዙን ጠፍሮ ሲያስር
በመንጠቆ አንሥቼ ቁጥሩን የምናገር።
ለአንድ ነፍስ ሃምሳ ኪሎ፤ ይህ ነው የተቆረጠው፣
ትርፉን ወይ ይሽጠው፣ ወይ ለጎረቤት ይስጠው።

ያልመዘንሁት የለም፦
የካሳቫ ዱቄት፣ ጎማ አልባ ብስክሌት፣
እግሯን የታሰረች ዶሮ፤ እሷማ አንድ ዕለት
እዚያው ተንጠልጥላ እንቁላል ብትጥልበት
"እንቁላሉስ" አልሁት አለቃዬን፣ "ይቆጠራል?"
"ብላው" አለኝ ካሉምባ፣
"ዛምቢያ የተወለደ ወዴት አገር ይመለሳል?"
ሳቅን።
ከተሰለፈው ሕዝብ ግማሹ እዚሁ የተወለደ፣
ፖርቱጋልኛ የማያውቅ፣ ካዞምቦን በወሬ የለመደ፤
ዝም ብሎ አየን።
ሳቁ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯችን ላይ ተሰካ፣
ካሉምባ መዝገቡን ገለጠ፣ እኔም ቀጣዩን ልለካ።

ናካዮምቦ የመጣች ለት ሰኔ ነበረ።
(ሰኔ በእኛ አገር በጋ ነው፤ ጧት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣
ረፋድ ላይ ቀዩ አቧራ ቅንድብ ላይ ይሰፍራል።)
በሁለት የልጅ ልጆች በር አሸክማ መጣች፣
የሙኩዋ ሳንቃ፣ ከነማጠፊያው፤
ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራለች።

አርባ አንድ ኪሎ አለ።
ለድስት፣ ለብርድ ልብስ፣ ለሠላሳ ዓመት ኑሮ
ዘጠኝ ኪሎ ቀራት በጣት ተቆጥሮ።
"እማማ፣ ቤት በሌለበት በር ምን ያደርጋል?"
"ጭቃው እዚያም አለ፣ ሣሩም ይታጨዳል፤
ግድግዳ ይቆማል።
እኔ ግን በዚያ ሌሊት፣ ተኩሱ ሲቀርብ፣ ልጅ አዝዬ ስሮጥ
በሬን አልዘጋሁም።
ይኸው እስከ ዛሬ ዝናቡም ነፋሱም ይገባል፤
ሄጄ ልዝጋው።"

ቤቱ እንደተቃጠለ ሰምታለች።
በመንገዱ ዳር የተቀበረውን ፈንጂ በሥዕል አሳይተዋታል፣
"ቀይ የተቀባውን ድንጋይ አትለፊ" ብለዋታል።
ራሷን ነቀነቀች፤ ቁልፉን ጨበጠች።

ባሏ ሳካቴንጎ ከሰልፉ ውጭ ቆሟል፤
እሱ በሌላው ወረቀት፣ "እኖራለሁ" በሚለው ፈርሟል።
የእርሻ መሬት ቆርጠው ችካል ተክለውለታል።
"ሦስቴ ተሰደድሁ" አለኝ፣ "ለአራተኛው ጉልበት ያንሰኛል፤
ወደ አገር መግባትም ስደት ነው፣ ሰው ካረጀ።"
በሩን ከገዛ ቤቱ ነቅሎ፣ አጥቦ፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀብቶ ያዘጋጀ
ለካ እሱ ነው።
"አንተስ ቤትህን በምን ትዘጋለህ?"
"በጨርቅ።"

ጓዟ ሁሉ ሲጫን ሚዛኑ ሃምሳ ሰባት አለ፤
እጄ ሃምሳ ብሎ ጻፈ።
ደግነት አይባልም። ከሳምንት በፊት፣ "ደንብ ነው" ብዬ፣ ከአንድ ሽማግሌ ላይ
ሦስት ኪሎ የበቆሎ ዘር አስወርጄ ነበር፤
እስካሁን ይቆረቁረኛል፣ ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር።

መኪናው ተነሣ። በሩን አቁመው ከጎን አሰሩት፤
ከአቧራው መሐል ለረጅም ጊዜ እሱ ብቻ ታየ፦
የተዘጋ በር፣ ቤት የሌለው፣ ወደ ጂምቤ የሚሄድ።
ሳካቴንጎ እጁን አላውለበለበም፤
ባርኔጣውን አወለቀ፣
መልሶ አጠለቀ።

ኅዳር ላይ ዝናብ ገባ። በደጁ ሳልፍ ጨርቁ ርሷል፣
አዲስ ሳንቃ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።
"በሩን አትሠራም?" ብለው
"እንጨቱ ይድረቅ" አለኝ።

ሁለት ክረምት አለፈ።
ጨርቁን ለውጦታል፤ አበባ ያለበት፣ የሷ ቀሚስ ይመስለኛል።
ሳንቃው እንደተደገፈ ነው።
"እንዴት ሆነ?" እላለሁ።
መዳፉን ያሳርፍበታል፣ ይዳብሰዋል፣
"ገና እርጥብ ነው" ይላል።