የመግቢያ ሰዓት

ዓራድ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከጣሪያው ላይ ወጥተናል፣
ከውኃ ማሞቂያው ጥግ ሁለት ወንበር ዘርግተናል።
ሌሊት መንቃት የለመድኩ የፋብሪካ ዘበኛ ነኝ፤
ሰማይ የመጠበቅ አመል ግሪሻ ነው ያስያዘኝ።
እሱ «ሦስት ከአሥር» ይላል፣ በእነሱ አቆጣጠር፣
እኔ «ዘጠኝ ከአሥር»፤ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ጥቁር
ሌሊት።
ቢፈጥን ቢዘገይ አርባ ደቂቃ፤
አንገታችን ቀና፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ዓይን በጥበቃ።

የምንጠብቀው እንግዳ ባዶ የሮኬት በርሜል ነው፣
ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት ሳተላይት አዝሎ የወጣው።
ያዘለውን አድርሶ፣ ነዳጁን ጨርሶ፣
ጌታው እንደ ጣለው አጋሰስ፣ ማንም አልጠራው መልሶ፤
ሲዞር ሲዞር ኖሮ
ዛሬ አየር ጎተተው፣ መንገዱን አሳጥሮ።

«መቼ ይገባል?» ይለኛል፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ።
ቃሏ ትነካካኛለች። እኛ ከጎንደር የመጣን ስንጋጠም
«መቼ ገባህ?» ነው የሚቀድመው፣ ከስምም ከጤናም።
ብረቱ በደቂቃ ተኩል ገብቶ ይጨርሳል።
እኔ የዛሬ ሠላሳ ዓመት በአንድ ሌሊት ገባሁ አገር፤
ይኸው ያልገባኝ ነገር አለ፣ ያልገባሁበትም በር።

ዘጠኝ ተኩል ሲያልፍ፣ ከምዕራብ፣ ከቤቶቹ አናት
ብቅ አለ። ተወርዋሪ ኮከብ አይደለም፣ የለውም ያ ፍጥነት፤
ቀስ ብሎ፣ ድምፅ የለው፣ ብርቱካናማ ጭራ፣
እየተቆራረሰ፣ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ሞዓብ ተራራ።

ያኔ የሦስተኛ ፎቋ ኦርና፣ ሕፃኗን ጠቅልላ
ከደረጃው ጮኸች፦ «ሚሳይል ነው? ሲረኑስ ምነው ዝም አለ? ሌላ
አለ ወይ ከኋላ?»
«አትፍሪ» አልኳት፣ «ማንም የላከብን አይደለም።
አሮጌ ነው። ተልኮ የጨረሰ። እዚህ አይደርስም።»
አላመነችኝም። ግን ወጣች፣ በባዶ እግሯ፤
ቀና ብላ ቀረች፣ ሳይዘጋ ከንፈሯ።

ሁሉ ከስሞ አንዲት ፍንጣሪ አልጠፋም አለች፣ ለብቻዋ ስትነድ።
ስትጠፋ ግሪሻ ሰዓቱን ጠቅ አደረገው፦ ሰማንያ ስምንት ሰከንድ።
በወጣትነቱ በያጅ ነበር፣ እዚያ፣ ከቮልጋ ዳር ፋብሪካ፤
«እሷ» አለኝ፣ ጨለማውን እየጠቆመ፣ «የኔ ብየዳ ናት ለካ!»

አላመንኩትም።
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ ደብተሬን ገለጥኩ፤
ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን አሰፈርኩ፤
ከ«አስተያየት» ሥር ግን፣
እንዳለው ጻፍኩት።