የአውራ ጣት ያህል

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሲጉልዳ ስታንቀላፋ፣
ከጋውያ ወንዝ ላይ ጉሙ ሲነሳ ሲሰፋ፣
የላስቲክ ቱቦዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ
እወጣለሁ ሽቅብ፣ «ጉልበቴ፣ አደራ» ብዬ።

ሥራዬ ውሃ ነው። በስሱ እረጫለሁ፤
እስኪረጋ ቆሜ፣ በሰፊ ምላጭ እላጫለሁ።
አሥራ ስድስት ጊዜ የሚታጠፍ የሲሚንቶ ዘንዶ፣
ቆዳው በየሌቱ እኔ የማለብሰው በረዶ።

የጨዋታው ስም አጽም ነው። እውነትም ሥጋ የለው፤
ከብረት ጎድኑ በቀር መሪ የለው፣ ፍሬን የለው።
በሆድ ተተኝቶ፣ ራስን አስቀድሞ፣
(ሚስቴ ትጠይቃለች፦ «በጤና ነው ወይስ ታሞ?»)
ቁልቁል ይኬዳል፤ አገጭ በረዶውን ሊስም
የአውራ ጣት ያህል ሲቀረው፣ ግን ሳይስም።

እኔ ውድድር አላይም። ቆሜ እሰማለሁ።
ከብረቱ ፉጨት የማን መሆኑን እለያለሁ፦
ኡጊስ ሲያልፍ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ነው፤
የጀርመኗ ልጅ ስታልፍ ሸራ ሲቀደድ ነው።
ቪዝማ ስታልፍ ግን ድምፅ አይባልም፤
የመጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

አምና በየካቲት፣ አሥራ አራተኛው ጥምዝ ላይ፣
እብጠት አየሁ። የአውራ ጣት ያህል። ከዚያ በላይ
አልነበረም። እጄ ደንዝዟል፤ ቱቦው ቀዝቅዟል።
«ነገ» አልኩኝ። ነገ ግን ለሰው መቼ ይታዘዛል።

በማግሥቱ የሰማሁት ፉጨት አልነበረም፤
ብረት ከሲሚንቶ ጋር። ከዚያ ምንም።
የሷን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ይኼኛው የሷ አልነበረም።

የትከሻ አጥንቷ ለሁለት፣ አገጯ በሰባት ስፌት።
ሪፖርቱ ላይ ተጻፈ፦ «የተወዳዳሪዋ ስህተት»።
አነበብኩት። ፈረምኩም፣ ከታች፣ በእርሳስ፣ በፍጥነት።

ከዚያ አሥር ወር ሙሉ፣ ቀን ዝም፣ ሌሊት ዝም።
ለካስ በሕይወት እያለም ሰው አጽም ይሸከማል፤ አይቀብርም።

ዛሬ ሳይነጋ መጣች፣ ከሥር ወደ ላይ፣ በእግሯ፤
ባለ መርፌ ጫማዋ ቀጭ ቀጭ ይላል ከሥሯ።
በየጥምዙ ትቆማለች። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇ እንደ ዓሣ
ግራ ቀኝ ይዋኛል፣ አንዲት መታጠፊያ ሳይረሳ።
አሥራ አራተኛው ጋ ስትደርስ ተንበረከከች።
ጓንቷን አውልቃ መዳፏን አሳረፈች፤
እዚያው። ልክ እዚያው። አንዲት ሴንቲ ሳትስት።
«እዚህ ጋ ነበረች፣ አይደል?» አለች፣ «ያቺ ትንሽዬ እብጠት።»

ቱቦው ከእጄ ወደቀ። ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ፤
ጫማዬን በረዶ ያዘው፤ አፌ መልስ አልመለሰ።

«የዚያን ዕለት ጠዋት በእግሬ ስወርድ አይቻት ነበር፣ ታሊቫልዲ» አለች፤
«ለማንም አልነገርኩም። አመልጣታለሁ ብዬ ነው።» ሳቀች።

ለሁለታችን አንድ እብጠት፣ አንድ ዝምታ!
አሥር ወር ስንሸከም፣ ያለ አንዲት ሰላምታ።

«ዛሬ ሦስቴ ልጬዋለሁ» አልኳት፣ ድምፄ እየሰለለ።
«እንግዲያው ብሳሳት የኔ ብቻ ነው» አለች፤ ጓንቷን አጠለቀች፣
ቀጭ ቀጭ እያለች ወጣች።

ሦስት ሰዓት ላይ አረንጓዴው መብራት በራ።
የሩጫዋ ድምፅ በማጉያው መጣ፤ ጠ ጠ ጠ ጠ፣ ተቋረጠ።
ተኛች ማለት ነው። ቁልቁለቱ አፉን ከፍቶ ዋጠ።
ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ። እቆጥራለሁ በጣቴ፤
አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። ቆመ ትንፋሼ፣ ራደ ጉልበቴ።

ከዚያ
ገጽ ተገለጠ።

ሰባተኛ ወጣች። ልምምድ ነው፤ ማንም አላጨበጨበ።
ኡጊስ ብቻ ሰዓቱን አይቶ አፉን ሸበበ።
እኔ ወደ አሥራ አራተኛው ወረድኩ፣ መብራቴን ይዤ፣ ላይ።
እብጠት የለም። ሁለት ጭረት ብቻ፣ እንደ ጸጉር፣ ጎን ለጎን፣ በረዶው ላይ።

«ነገ» አለኝ ወገቤ።

ቱቦውን ከፈትኩት።