ከአስር ስንት?

ገና ሳይነጋጋ፣ ውርጩ ሳይለቀን፣
ስልኬ ከትራሴ ሥር ይጠይቀኛል ቀን በቀን፤
«ስሜትሽ ዛሬ ከአስር ስንት ነው?»
ጣቴ አይታዘዝም፤ ብርዱ ይሁን እኔው፣ አልለየው።

እናቴ የምትጠይቀኝ ሌላ ነው፤ «ምን ጎደለሽ?»
ጎተራውን እያየች፣ «ገብሱ አለ፣ ልብሱ አለ፣ እግዜር ምን ነሣሽ?»
ቢጎድልማ እናቴ፣ ቢጎድል ኖሮ ዕቃ፣
ቅዳሜ ገበያ ወጥተሽ ትሞዪው ነበር በቃ።
የኔ ጎደሎ አይደለም፤ ሙላት ነው፣
እንደ ሐምሌ ጭቃ እግር የሚይዝ፣ ጫማ የሚያስቀረው።

ጠበል ወስዳኛለች። ሦስት ቀን። አልዋሽም፣ ቀዘቀዘኝ፤
ካህኑ ደግ ነበሩ፤ «ጸልዪ፣ ብዪ፣ ተኚ» ብለው መከሩኝ፤
ጸለይኩ። መብላቱና መተኛቱ ነው ያቃተኝ።

መምህርት አፀደ ከደብተሬ ጀርባ አድራሻውን ጽፋ፣
«ለማንም አትንገሪ፣ ወይ ለሁሉም ንገሪ» አለችኝ፣ ፈጥና አልፋ።
ስድስት ክፍል ነው። ነጻ። በስልክ የሚነበብ፣
ማታ ከብርድ ልብስ ሥር የምቆጥረው፣ እንደ ሌባ ገንዘብ።

ክፍል አንድ «ስሜት ደመና ነው፤ ይመጣል፣ ያልፋል» ይላል።
ይኼን የጻፈ ሰው መንዝን አያውቃትም፤ እዚህ ጉም ይከርማል፤
እንደ ዘመድ እንግዳ ቤት ገብቶ ጋቢ ይደርባል።

ክፍል ሁለት «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ የባሕር ዳርቻ አስቢ፣
እስከ አራት ቁጠሪና ቀስ ብለሽ አየር ሳቢ።»
ባሕር አላውቅም። የጓሳን ሣር አሰብኩ፣ ነፋስ ሲያስተኛው፣
መልሶ ሲያነሣው።
አራት ቆጠርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ሠራ፤
ሁለተኛ ስሞክረው ደረቴ ላይ ያው ተራራ።

ክፍል ሦስት «ድሮ የምትወጂውን አንድ ትንሽ ነገር ሥሪ፤
ደስታውን አትጠብቂ፤ ሳታምኚበትም ጀምሪ።»
ድሮ የታናሼን የኤልዳናን ፀጉር መሥራት እወድ ነበር፣
እንደ እርሻ ትልም፣ መስመር በመስመር።
እሑድ ማታ ጠራኋት፤ ጉልበቴ መሀል ተቀመጠች፤
ግራውን ጨረስኩ። ቀኙ ላይ ስደርስ እጄ ዛለች።
«ይቅር፣ ይበቃል» አለችኝ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤
ሰኞ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ግማሹ ተሠርቶ፣ ግማሹን ነፋስ እየበተነው።
ስቀውባት ይሆን? አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። አምስት ቀን። የኔ ስልክ ከሁሉ ቀድሞ ሞተ፤
የመሐል ሜዳ ሰው ቻርጀሩን ይዞ ጋሽ ወንድይፍራው ሱቅ ከተተ።
ጣሪያው ላይ ሶላር አለው፤ አስር ብር ለአንድ ስልክ፤
ስም በፕላስተር ይለጥፋል፣ እንዳይምታታበት መልክ።

ማታ ልወስድ ስመጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«አንቺ ማዕዶት» አለኝ፣ ስልኩን በመዳፉ ከልሎ፣
«ይኼ ነገር ቀኑን ሙሉ አላስቀመጠኝም፤
ከአስር ስንት ነው ይላል፤ ዋጋ መስሎኝ ነበር፣ አልመለስኩለትም።
ስንት ልበለው?»

ጆሮዬ ጋለ። ከኋላዬ ሰው አለ፤ ስኳር የሚጠይቅ፣
ካርድ የሚፍቅ።
ስምንት ልል ነበር፣ ስልኩንም ሁሌ እንደምዋሸው፤
ምላሴ ደከማትና «ሦስት» አልኩ። «ሦስት በለው።»

አልሳቀም። ምን ጎደለሽ አላለኝም።
የክብሪት ሳጥኖች ደረደረ፣ አፈረሰ፤ «ልጄ ካረፈ ወዲህ
እኔ ከሁለት ዘልዬ አላውቅም።
በአንድ ትበልጪኛለሽ።»
አስር ብሩን ግን ተቀበለኝ።
«ነገም አምጪው» አለኝ፣ «ባይሞትም።»

ባትሪው መቶ ይላል፤ እኔ ሦስት፤ መንገዱ ጨለማ።
ክፍል አራት አልተከፈተም፤ ኔትወርኩ ከመብራቱ ጋር ሄዷልና።

ኤልዳና አልተኛችም። ጠራኋት። ቀኙን ያዝኩ።
ሁለት ጉንጉን ብቻ። ሦስተኛውን ጀመርኩ።
እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ምን ጎ…» ብላ፣
ቃሉን ዋጠችው፤
ፋኖሱን አንሥታ ወደኛ አስጠጋችው።