አጥንት ቆጠራ

ጥር ነው፤ ሳዶ ደሴት፤ ባሕሩ ላይ በረዶ ይዘንባል።
ቶኩጂ፣ ጀልባ ሠሪው አባቴ፣ ከእቶኑ ደጃፍ ወጥቷል፤
ሥጋውን እሳት ተረክቦ፣ በብረት አልጋ ተኝቷል
ማገርና ወራጁ ብቻ፤ ነጥቶ፣ ደርቆ፣ ቀልሏል።

ባለ ነጭ ጓንቱ ሰውዬ፣ ድምፁን እንደ ክር አቅጥኖ፣
«ከእግሩ ጀምሩ» አለን፤ «ራስ ቅሉ ይቆይ፣ ክዳን ሆኖ።
ቆሞ የኖረ ቆሞ ይሂድ፤
ማሰሮው ውስጥ ተዘቅዝቆ እንዳይጠፋው መንገድ።»

አንዱን አጥንት ሁለት ሰው ነው፣ ተጋግዞ የሚያነሣ፣
አንዷ ቀርከሃ፣ አንዷ አኻያ፣ ባልተመሳሰለች ጥንድ እንጨት።
ከወዲያ ወንድሜ ሺንሳኩ፤ አልተነጋገርንም ስድስት ዓመት
በአባባ መጋዝ ቤት የተነሣ።
እስከ ዛሬ አጥንት ስንቆጥር
ለርስት ነበር።

ተረከዝ። ቁርጭምጭሚት። ከዚያ የጣቶቹ ጠጠር።
«ካለን ሁለት መቶ ስድስት፣ ከግማሽ በላይ የሚቆጠር
እጅና እግር ላይ ነው» አለ። የአባቴን እጅ አስታወስኩ፣
በጨለማ ሳንቃ ሲዳስስ፣ እንከኑን ሲያገኝ። ጎነበስኩ።

ቅልጥሙ እንደ ሸምበቆ ውስጡ ባዶ፤
ለዚህ ነው ለካ የቀለለው፣ ግንድ ሲያመላልስ ከዚያ ማዶ።
የጉልበቱን ሎሚ አጣናት።
ዳሌው ስባሪ ገበቴ፤
ደም እዚህ ነበር የሚጠነሰስ፣ በየቀኑ፣ ሳያውቅ አባቴ።

ጭኑ ላይ ግን አንድ እብጠት፤ ድሮ ተሰብሮ የገጠመበት።
«ስብራት ጎን ለጎን ከተኛ ራሱን ይጠግናል» አለ ባለጓንቱ፤
«ከቀድሞው ይወፍራል የዳነበት።»
«ከመወጣጫው ስወድቅ፣ እኔን ሊቀልብ ሲሮጥ ነው» አለ ወንድሜ፣
ለአጥንቱ።
ለኔ አልነበረም።

ጎድኖቹ የጀልባ ጎድን፤ ደረቱን ስንቴ አሰፋ፣ ስንቴ አጠበበ፣
ልቡን ከልሎ፣ ለኛ ሳይታይ ማንን እንዳሰበ።

ከአንገቱ ሁለተኛዋን ለመጨረሻ አቆይተዋታል፤
ትንሽ መነኩሴ ትመስላለች፣ እጇን አጣምራ የተቀመጠች።
«ራስን የምታዞር ይቺ ናት፤ ሰው 'እምቢ' የሚለው በሷ ነው» ይላል።
ሆስፒታል፣ «ለማናችን ትተወዋለህ?» ብዬ ስጠይቀው
ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ አለ ራሱ፤
መልስ ያልሰጠኝ መስሎኝ ነበር እሱ።

እንጨታችን ተገናኘ። ተንሸራተተች። ቆመች።
«ያዝሻት?» አለ።
«ይዣታለሁ።»

ራስ ቅሉ ከላይ ተከደነ።
ሺንሳኩ ነዳ፤ በረዶውን ጎማው እየቆረሰ።
ማሰሮው ጭኔ ላይ ነበር፤
ገና ይሞቅ ነበር።