የቀረችው ጉንጭ

ከጣርማ በር ቁልቁል ፍሬኑ እየሸተተ
የደሴው መኪና ሲወርድ ነው ቀኔ የተከፈተ።
ደብረ ሲና፣ መናኸሪያው ጥግ፣
ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ፤ ሰጥቼ ጀርባዬን
ለዚያ አሮጌ ማሽን፤
ለሳሙና ውሃ ሰጥቼ እጆቼን።

ቁምላቸው ነበረ የማሽኑ ጌታ፤
ሰርግ ሊበላ ሄዶ ባንድ ቅዳሜ ማታ
በዚያው ሸዋ ሮቢት ሥራ አግኝቶ ቀረ፤
የማሽኑ እጀታ ብቻውን አደረ።
«ሽታዬ፣ ሞክሪው» ስትለኝ ባለካፌዋ ጌጤ፣
ያዝኩት እጀታውን ከነድንጋጤ።

በመጀመሪያው ወር ወተቱ ጮኸብኝ፣
ጅራቷን እንደረገጧት ድመት፤
ማኪያቶ ያዘዘው ሁሉ ሳቀብኝ።
አረፋው የሳሙና፣ ቡናው የአመድ ጣዕም፤
አንዱማ «ይሄ እኮ» አለኝ፣
«ልብስ ይታጠብበታል እንጂ አይጠጣም።»

ሾፌሩ ላቀው ግን ምንም አልተናገረ።
ቆሞ ነው የሚጠጣው፤ ሦስቴ ፉት ይልና
መስኮቱ ደፍ ላይ ያኖረዋል፤
ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ፣ አንዲት ጉንጭ አስቀረ።
ሳቅስ ይለመዳል፤
ያቺ የቀረች ጉንጭ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ፣
«ገና ነሽ፣ ገና ነሽ» እያለች ያማችኝ።

እናቴን አሰብኩ።
መዘዞ፣ ጉም ውስጥ፣ አረቄ ስታወጣ፣
የፊተኛውን ጠብታ ለመሬት ሰጥታ፣
«ዓይን ቶሎ ይሰክራል፤ ጆሮሽን አስጠጊ፤
እሳቱ ሲቆጣ አንቺ ዝቅ አድርጊ» የምትለው ነገር።

ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ወተት መጀመሪያ እንደ አቡጀዴ ይቀደዳል፤
ከዚያ ድምፁን ውጦ ወደ ታች ይወርዳል፤
ጆጉን የያዘው መዳፍ «በቃ» ሲል፣ መዝጋት፤
አንዲት ትንፋሽ ማለፍ ለወተት ሞት።
ጉም ከጣርማ በር ሲንከባለል ወርዶ፣
ቡናው እርጥበት ጠጥቶ ይንጠባጠባል ተገዶ፤
ያኔ መፍጫውን አንዲት ጥርስ ላላ፤
ፀሐይ የወጣ ለት ጠበቅ። እንዲህ እያልኩ ወራት ተበላ።
የደፋሁት ወተት ሁለት ጥጃ ያሳድግ ነበር፤
ጌጤ ትጽፈዋለች ከደመወዜ ጎን፣ በሊትር በሊትር።

ስፕሪስ ተሳካልኝ፤
ሻዩን ከነስኳሩ ከታች አስተኝቼ፣
ቡናውን በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብዬ ጎትቼ፣
ሁለቱ ሳይጣሉ፣ ሳይቀላቀሉም፣ ድንበራቸው ታየ፤
ገበያተኛው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳ፣
«ማን ነው እንዲህ የለየ?»

ላቀው ግን ያው ላቀው። ሦስቴ ፉት። መስኮት። መሄድ።

በጥር አንድ ማለዳ ወተቱ እንደ ሐር ወረደ፤
አረፋው ላይ ነጭ ቅጠል ሳላስበው ተወለደ።
ላቀው ተቀበለ።
ሦስቴ ፉት። አስቀረ።
«አሁንስ በቃኝ!» አልኩ፣ ሽርጤን ፈትቼ
ልጠይቀው ወጣሁ ደረቴን ነፍቼ፤
በሩ ጋ ስደርስ ግን፣ በውጪ በኩል፣
መስኮቱ ላይ አንድ እጅ አየሁ፤
በግሪስ የጠቆረ። ቆሜ ቀረሁ።

ረዳቱ ነው፣ እንዳልካቸው፤ ሻንጣ ጭኖ አውርዶ
ይጠጣታል ያቺን ጉንጭ፣ ከንፈሩ በብርድ ነዶ።
«ሁልጊዜ ነው?» አልኩት። አፉን በክንዱ ጠርጎ፣
«ሁልጊዜ ነዋ!» አለኝ፣ ብርጭቆውን ወደ ላይ አድርጎ፤
«አምናማ ሬት ነበረች፤ እንደ መድኃኒት ነው የዋጥኳት፤
አሁን እንኳ…» ሲል ጥሩምባው ጠራው፤
ቀሪዋን ቃል አጣኋት።

ዓመት ሙሉ የፈራሁት ዳኛ፣ ለካ ዳኛ አልነበረም፤
አምስት ማንኪያ ስኳር የሚያፈስ ሰው
ሳሙናና ቡና አይለይም።

አሁን የፍሬኑ ሽታ ሲመጣ ከላይ፣
ሁለት ብርጭቆ አሞቃለሁ ማሽኑ አናት ላይ፤
አንደኛው የላቀው፣ ሙሉ፤
ግማሹ ለመስኮቱ። ጌጤ ደብተሯን ከፈተች፤
ትጻፈው፣ ያው የኔው ዕዳ ነው የነበረ።
ላቀው ግን፣ ዛሬም፣
አንዲት ጉንጭ አስቀረ።